ግማሽ ጄሪካን

ልጄ፣ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በል። ትናንት ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ሥር ያልከውን ሰምቻለሁ። ያ ጎረቤታችን ወንበር ሲያመላልስ፣ እንግዳ ሲያስታጥብ አይተህ «ቤተ ክርስቲያን አይስም፣ መስጊድ አይረግጥ፤ ይሄ ሁሉ ሩጫ ለምኑ ነው? አንድ ነገር ቢፈልግ ነው እንጂ» አልክ። አጠገብህ የነበሩትም ሳቁ። ሰው ፊት የተገሠጸ ጆሮ አይሰማምና ዝም አልኩህ።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ይላሉ አበው። እኛ ለሰጠነው ሁሉ ጽድቁን፣ ምርቃቱን፣ ካልሆነም በእድሩ ስብሰባ ስማችን መጠራቱን መጠበቅ ለምዶብን፣ ሌላው እንዲሁ ይሰጣል ብሎ ማመን ይጨንቀናል።

እምነትን ለማናናቅ አይደለም የምነግርህ። እኔ ራሴ ጾሜንም ጸሎቴንም አልተውኩም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ነው በረሃብ ከሞተች እናቷ ጎን ሕፃን ያገኙት። አነሧት፤ ሌሎችንም ሰበሰቡ። ልጆቹ ሲበዙ ባለቤታቸው «ወይ እነሱ ወይ እኔ» ቢሏቸው፣ ቤታቸውን ለቀው ከልጆቹ ጋር ወጡ። እግራቸውን ወደዚያ ያደረሰው እምነት ነው።

ነገር ግን ወደ ፎገራም ተመልከት። አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. እዚያ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም። ፈጣሪ አንድ ነው፣ አምልኮቱም በጎ ሥራ ነው ይላሉ። ሸምነው ያድራሉ፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በአንድ ቤት ሰብስበው ያበላሉ፣ ያጥባሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ለሸማኔ ይህን ማን ያስተምረዋል? ጎረቤት ግን በዓል አያከብሩም ብሎ በጎሪጥ አያቸው። በደርግ ዘመን ተወንጅለው ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ፤ የተመለሱትም ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ያቺ በድንኳን ሥር የምትወረወር ቃል ተራ ቀልድ እንዳትመስልህ።

አትጠርጥር አላልኩህም። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ግማሽ ኩንታል ስንዴ ይዞ ሁለት ካሜራ የሚያስከትል አለ፤ አማኝም አለበት፣ የማያምንም አለበት። ስለዚህ «ምን ያምናል?» ብለህ አትጀምር። በምትኩ ምን ጠየቀ? የተቀበለው ሰው አንገቱን ደፋ ወይስ ቀና አለ? ማንም ሳያየው ተመልሶ መጣ? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ማለት ይኼ ነው።

ውኃ ካነሣሁ አይቀር፣ ያየሁትን ልንገርህ። የሰፈራችን የውኃ ፈረቃ ሐሙስ ሌሊት መሆኑን ታውቃለህ። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለማኅሌት ስወጣ፣ ያ ጎረቤታችን በዝናቡ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብሏል። ከጎኑ እታች ያሉት አሮጊት ጄሪካኖች ተደርድረዋል። አሮጊቷ ልጅ የላቸውም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። እያንዳንዱን ግማሽ ድረስ እየቀዳ ከበራፋቸው ሥር ያኖራል። «ምነው፣ ሙላው እንጂ!» አልኩት። ቀና ብሎ «አባባ፣ ሙሉውን ማንሣት አይችሉም» አለኝ። ከዚያ የጄሪካኑን አፍ በእጁ ጠርጎ ከደነው።

እኔ በዚያ በራፍ ስንት ዓመት አለፍኩ መሰለህ? ለነፍሴ ስሮጥ የእሳቸው ክንድ ምን ያህል እንደሚችል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እሱ ለክቶታል። ጸሎት አያደርስ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ሌሊት ማኅሌቱ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ እሱ ነው።

ለምን እንደሚሠራው አልጠየቅኩትም። ቢነግረኝስ ምን እጨምርበታለሁ? አሮጊቷ ጠዋት ሻያቸውን የሚያፈሉት በውኃው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒት ደግሞ የሚመረመረው በታማሚው ላይ ነው።

አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ጎረቤታችን ዛሬ ወገቡን አሞት ተኝቷል አሉ። ነገ ሐሙስ ነው። ሌሊት ተነሥተህ ውረድ፤ ለማንም አትናገር፣ ለእኔም ቢሆን። ደግሞ ጉልበት አለኝ ብለህ እንዳትሞላው፤ ግማሽ ግማሹን ቅዳ።