ምርቃትና ምርቃና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዳርቻ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው ምርቃት፣ ሁለተኛው ምርቃና ነው። ድምፃቸው እጅግ ስለሚቀራረብ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ግብራቸው ግን የተለያየ ነው። ምርቃት ከሽማግሌ አፍ ወጥቶ ለታናሹ የሚተላለፍ በጎ ቃል ነው። ምርቃና ግን ጫት የሚቅም ሰው ለጥቂት ሰዓት የሚሰማውን ንቃትና ሙቀት ቃሚዎች የሚጠሩበት ስም ነው። አባቶችና እናቶች ሲመርቁ ከሁሉ አስቀድመው የሚለምኑት ዕድሜን ነው፤ «ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ እደግ፣ ተመንደግ» ይላሉ። ስለዚህ በእኛ ልማድ መሸምገል የምርቃት ፍሬ እንጂ የእርግማን ቅጣት አይደለም። ምርቃና የሚሰጠው ግን ዕድሜን ሳይሆን ሰዓትን ነው፤ እርሱንም አበድሮ ከነወለዱ ይቀበላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ሱስ የሚሰጠው ትምህርትና ስለ እርጅና ያለን አስተያየት እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ሽማግሌ በተናቀበት ቤት ወጣቱ ከሱስ የሚመልሰውን መካሪ ያጣል፤ ሱስ በነገሠበትም ቤት ወጣቱ ለሽምግልና ሳይበቃ ይቀራል።

ጣና የጸሎት ባሕር ነው። በደሴቶቹ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስና ናርጋ ሥላሴ፣ በዘጌም ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይገኛሉ። በደቡብ ዳርቻው ያለችው ባሕር ዳር ደግሞ የትምህርት ከተማ ናት። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋምና ከእርሱ በኋላ የተመሠረተው የመምህራን ኮሌጅ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች ከወላጆቻቸው ርቀው፣ ከአያቶቻቸውም ምክር ተለይተው ይኖሩባታል። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎችም ጫት ይተከላል፤ ለቅርቡ ሰው ከመሸጡ በላይ ወደ ሌሎች ከተሞች ይጫናል። ቀድሞ ብዙ ሰው «ጫት የሩቅ አገር ልማድ ነው፤ የእኛን ልጅ አይነካውም» ይል ነበር። ዛሬ ግን ማሳው ከደጃፋችን፣ መቃሚያ ቤቱም ከመንገዳችን ዳር ነው።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ስለ ሱስ ማስተማር የሚገባ መሆኑን ሁሉ ሰው በተቀበለ ነበር። ነገር ግን ይህን ትምህርት የሚያሰናክሉ ሦስት አሳቦች በሕዝቡ ዘንድ አሉ።

የመጀመሪያው «ስሙን መጥራት ማለማመድ ነው፤ ያላሰበውን ልጅ ማሳሰብ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ለልጆቻቸው የሚሳሱ ወላጆች ስለሆኑ አሳባቸው አይናቅም። ይሁን እንጂ እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በታየ ጊዜ አበባው ሐምራዊና ለዓይን የሚያምር ነበር። ብዙ ሰው ከቁም ነገር ሳይቈጥረው ተስፋፋና የዓሣ አጥማጁን ጀልባ እስከ መከልከል፣ የገበሬውንም ዳርቻ እስከ መሸፈን ደረሰ። ዝምታም እንዲሁ አረሙን አይነቅለውም። ልጁ ከአባቱ ያልሰማውን ከጓደኛው ይሰማዋል፤ ከጓደኛውም የሚሰማው ጣዕሙን እንጂ ጉዳቱን አይደለም።

ሁለተኛው «ሕግ ያልከለከለው ቅጠል ምን ነውር አለው?» የሚለው ነው። እርግጥ በአገራችን ጫት በሕግ አልተከለከለም፤ ለውጭ ገበያም ቀርቦ ገንዘብ ያስገኛል። ስለ አልኮልና ስለ ትምባሆ ግን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ፣ የአልኮል ማስታወቂያም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ደንግጓል። ሕግ ባልከለከለው ነገር ላይ አጥር ሊሆን የሚችለው ዕውቀት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሕግ ዝም ያለበት ስፍራ ትምህርት አብዝቶ የሚያስፈልግበት ስፍራ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም የተፈቀደ ሁሉ እንደማይጠቅም፣ እርሱም ለማናቸውም ነገር ባሪያ እንደማይሆን አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)።

ሦስተኛው «ይህ የሐኪም፣ የመምህርና የፖሊስ ሥራ ነው» የሚለው ነው። ሐኪም አካልን ያውቃል፤ መምህርም ዕውቀትን ይሰጣል። ነገር ግን ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዓይኑን አይቶ የሚረዳው ሐኪሙ አይደለም፤ እናቱና አያቱ ናቸው፤ ቀጥሎም ንስሓ አባቱ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ መልስ የሚሆነን የኖኅ ታሪክ ነው (ዘፍ. 9፥20-27)። ኖኅ ከጥፋት ውኃ የዳነ፣ በዕድሜ የገፋ ጻድቅ ሳለ ወይን ተከለ፤ ከወይኑም ጠጥቶ ሰከረና በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን ሆነ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጉም ኖኅ የወይንን ኃይል አስቀድሞ ሳያውቅ በመጠጣቱ እንደ ሰከረ ያስረዳል። እንግዲህ ጻድቁን የጣለው አለማወቅ ከሆነ፣ ብላቴናውን ሳያስተምሩ መተው ምን ይባላል? ካም የአባቱን ውድቀት አይቶ ወደ ውጭ አወራው። ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መልሰው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑት። ሙሴም ታሪኩን ለትውልድ ጻፈው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የወደቀውን ሰው መሸፈን ይገባል፤ የጣለውን ነገር ግን መግለጥ ይገባል። ብዙዎቻችን ይህን ገልብጠን እንሠራለን፤ ሱሰኛውን በአደባባይ እናዋርዳለን፣ ስለ ሱሱ ግን ለልጆቻችን አንነግርም።

እንግዲህ የጣለውን ነገር እንግለጥ። በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። ይህ ነገር የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደምን ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያርቃል፣ የምግብንም ፍላጎት ይዘጋል። ምርቃናው ሲያልፍ ድካምና ትካዜ ይከተላል፤ አንዳንዱም ያን ለማብረድ «ጨብሲ» ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ በዚህም አንዱ ሱስ ሌላውን ይወልዳል። አብዝቶና ዘወትር የሚቅም ሰው አእምሮው እስከ መታወክ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እየደከመ ይሄዳል፤ ጫት የጫነ መኪናም በየመንገዱ ያን ያህል የሚጣደፈው ስለዚህ ነው። ለራሱ የሁለት ቀን እርጅና የማይችል ቅጠል ሰውን ለሰማንያ ዓመት ሽበት እንዴት ሊያደርሰው ይችላል?

ብዙ ተማሪዎች ጫት የሚጀምሩት ለፈተና ሌሊቱን ለማንበብ ነው። ይህ አሳብ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አካባቢ ስለ አብሾ የሚነገረውን ሁሉም ያውቃል። አእምሮ ይከፍታል፣ የሰሙትንም አያስረሳም እየተባለ ለተማሪ ይሰጥ እንደ ነበር፣ ከዚህም የተነሣ አእምሮው ተናግቶ የቀረ ተማሪ እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬም ሰው ከልክ በላይ ሲቈጣና ሲናወጥ «አብሾ አለበት» ይባላል። አብሾን የሚሻው የቆሎ ተማሪና ጫትን የሚሻው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ጊዜ የሚሰጠውን ያለ ጊዜ መውሰድ። ነገር ግን ቅኔ የሚቈጠረው፣ ድጓም የሚመሰከረው በዓመታት ትዕግሥት ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም መባሉ ልጅን ለመናቅ አይደለም፤ ሁሉ ነገር የሚበስልበት ጊዜ አለው ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እርጅና ያለን አስተያየት ይገባል። ጊዜን የሚፈራ ሰው ሽማግሌን አያከብርም፤ ሽማግሌ ማለት ጊዜ ሥራውን የፈጸመበት ሰው ነውና። ዛሬ በከተማ «እርሱ ጊዜው አልፎበታል፤ የአሁኑን ነገር ምን ያውቃል?» የሚል ንግግር በዝቷል። የመንግሥት ሠራተኛው በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ከምክርም የወጣ ይመስለዋል፤ ቤተሰቡም በአንድ ጥግ አስቀምጦ ምግቡን ብቻ ያቀርብለታል። ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ አብረውት ያደጉትን ብላቴኖች ስለ ሰማ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ (1ኛ ነገ. 12)። ሽማግሌን ያላማከረ ቤትም እንደዚሁ ለሁለት ይከፈላል፤ አያት በአንድ ክፍል፣ የልጅ ልጅ በሌላ ክፍል፣ በመካከላቸውም ዝምታ።

ነገር ግን እውነቱ ወደ ሽማግሌውም ይመለሳል። ብቻውን የተተወ ሽማግሌ ኀዘኑን በአረቄ ሊያስረሳ ይፈልጋል፤ ሰውነቱ ግን የጎልማሳነቱ ሰውነት አይደለም። ሰው ሲያረጅ በአካሉ ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል፤ ጉበቱና ኩላሊቱም ይዘገያሉ። ስለዚህ በ30 ዓመቱ የቻለው መለኪያ በ70 ዓመቱ ይጥለዋል። ለደም ግፊት፣ ለስኳር ወይም ለእንቅልፍ የታዘዘለትን መድኃኒት ከአረቄ ጋር ቢቀላቅል ጉዳቱ የባሰ ነው። ጎረቤቱ የሰጠውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥም መልካም አይደለም። እነሆ፣ ስለ ዕፅና ስለ መድኃኒት የሚሰጠው ትምህርት ለወጣት ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል።

ሐዋርያው ለቲቶ ሲጽፍ ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ አኑሮታል። ሽማግሌዎች ልከኞችና ጭምቶች እንዲሆኑ፣ አሮጊቶችም ለብዙ ወይን ሳይገዙ በጎ የሆነውን ለታናናሾቹ እንዲያስተምሩ አዝዟል (ቲቶ 2፥2-4)። ሐዋርያው ሽማግሌውን ከማስተማር አላሰናበተውም፤ ይልቁንም መምህር አደረገው። ነገር ግን ከመምህርነቱ አስቀድሞ ልከኛነትን ጠየቀው። በማኅበርና በተዝካር ቤት እስኪሰክር የሚጠጣ አባት ስለ ጫት ቢገሥጽ ልጁ በልቡ ይስቅበታል፤ ለልጁም የካምን መንገድ ራሱ ይከፍትለታል።

ታዲያ እንዴት እናስተምር? አስቀድመን እውነቱን ብቻ እንናገር። «አንድ ቀን የቀመሰ ይሞታል፣ ያብዳል» ብለን ብናጋንን፣ ልጁ ቀምሶ የዳነ ጓደኛውን አይቶ እውነተኛውንም ነገር አይሰማንም። ቀጥሎ ከመገሠጽ በፊት እንጠይቅ፤ ብዙ ወጣት ወደ በርጫ የሚሄደው ቅጠሉን ወድዶ ሳይሆን የሚያጫውተው ሰው አጥቶ ነው። ሦስተኛ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለዚህ ነገር ሲነገር የጤና ባለሙያና አንድ የተከበረ ሽማግሌ አብረው ይቀመጡ፤ አንዱ አካልን፣ ሌላው ዕድሜን ያስረዱ። አራተኛ የተያዘውን ሰው ወደ ንስሓ አባቱና ወደ ሐኪም እናድርሰው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጠበልና ጸሎት ይረዱታል፤ ሐኪም ያዘዘለትን ግን ማቋረጥ አይገባም፤ መድኃኒትም ሐኪምም ከእግዚአብሔር ናቸውና።

ጫት ተክሎ ልጆቹን የሚያሳድገውንም ገበሬ በመርገም አንመልሰውም። የልጆቹ እንጀራ ከእርሻው ነው። ነገር ግን በዘጌ አቡነ በትረ ማርያም የተከሉት ነው ተብሎ የሚነገረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ለብዙ ትውልድ ሕዝቡን መግቧል፤ ጫካውም እስከ ዛሬ አለ። የአባቶች ትምህርት ተክልን አልረገመም፤ የትኛውን ተክሎ ለልጅ ልጅ ማውረስ እንደሚገባ ግን አሳይቷል። ገበሬውን «የምትተክለውን ልጅህ ቢቅመው ትወድዳለህን?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ዕፅን ስለ መከላከል የሚታሰብበትን ቀን ጁን 26፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የአረጋውያንን ቀን ኦክቶበር 1 እንዲሆን ወስኗል። በእኛ አቈጣጠር የመጀመሪያው ሰኔ 19 ነው፤ ወር በገባ በ19 የሚታሰበውም ቅዱስ ገብርኤል ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም 21 ይውላል፤ ይህም የግሸን ማርያም በዓል ነው። ካህናት በእነዚህ ሁለት ቀናት ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ስለ ሁለቱ ነገር አንድ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ሌላ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም፤ ሰሚው በደጀ ሰላሙ ቆሟልና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በየቤታችሁ ያለውን ሽማግሌ ከጥግ አንሥታችሁ ከልጆቻችሁ መካከል አስቀምጡት። እናንተም ሽማግሌዎች ዕድሜ የተሰጣችሁ ልትመርቁበት ነውና መለኪያውን አስቀምጡ፣ አፋችሁንም ለምክር ክፈቱ። እናንተም ወጣቶች፣ የሰዓት ምርቃና የዕድሜን ምርቃት እንዳይወስድባችሁ ተጠንቀቁ። ሁላችንንም በንጹሕ አእምሮ ለመልካም ሽምግልና ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።