ሰው ሲደክም ምን እንበለው?



ክህነትን በተቀበልሁ ሰሞን በተመደብሁባት የደጋ ቁምስና ሕፃናትን የሚያስተምር አንድ ገበሬ ነበር። በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። ይህ ሰው በመጀመሪያ ማርፈድ ጀመረ፤ ቀጥሎም አንዳንድ ሳምንት ቀረ፤ በመጨረሻም ጨርሶ መምጣቱን ተወ። ባገኘሁት ጊዜ በሰው ፊት «ምነው ሰነፍህ?» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አባ፣ አልሰነፍሁም፤ ነጠፍሁ እንጂ» ሲል መለሰልኝ።

ነጠፈ የሚባለው ስትታለብ የነበረች ላም ወተቷ ሲቋረጥ፣ ወይም ሲፈስ የኖረ ምንጭ ሲደርቅ ነው። ላሚቱ ነጠፈች ብሎ የሚመታት ገበሬ የለም፤ መኖዋን ይመለከታል፣ ጤንነቷን ይመረምራል፣ የወለደችበትን ጊዜ ያስባል። እኔ ግን ለላም የሚደረገውን ምርመራ ለሰው ነፈግሁ።

ቋንቋችን የኃይልን ቀስ በቀስ ማለቅ በብዙ ስም ይጠራዋል። ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ ሰው ክንዱ ዛለ ይባላል፤ ሌሊቱን ካረፈ ይበረታል። ዝናብ የራቀው ቡቃያ ጠወለገ እንላለን፤ ውሃ ካገኘ ቀና ይላል። ደዌ የጸናበት ሰው መነመነ ይባላል፤ ሐኪምና አስታማሚ ይሻል። የጋኑ ጠላ ከተሟጠጠ ደግሞ እንደ ገና ካልተጠነሰሰ በቀር ጋኑን ቢገለብጡት ጠብ የሚል ነገር የለም። ሰነፈ የሚለው ቃል ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ኃይል እያለው ያልፈቀደውን ሰው ይከሳልና። እንግዲህ ስሙን መሳሳት መድኃኒቱን መሳሳት ነው።

ድካም የሚለው ቃል ራሱ ያስተምረናል። «እናት ለልጆቿ ደከመች» ስንል ለፋችላቸው ማለታችን ነው፤ «እናቴ ደከመች» ስንል ደግሞ ጉልበቷ አለቀ ማለታችን ነው። ሁለተኛው ድካም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዋጋ ነው።

የዚህ ድካም ክፋቱ የጀመረበት ቀን አለመታወቁ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ይህን ከማሳው ያውቀዋል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጮቄ ተራራ የሚነሣው የጨሞጋ ወንዝ በክረምት የሚደፈርሰው የየማሳውን አፈር ይዞ ስለሚሄድ ነው። የብዙ ዘመን ዝናብም አዝርዕትን የሚመግበውን ማዕድን እያጠበ መሬቱን አሲዳማ ያደርገዋል። ነገር ግን «መሬቴ በዚህ ዕለት ደከመ» ሊል የሚችል ማንም የለም። ብልህ ገበሬ ምርቱ ከዓመት ዓመት ማነሱን ባየ ጊዜ መሬቱን አይረግምም፤ እርከን ይሠራለታል፣ ኖራ ይጨምርበታል፣ ወይም ግብጦ ይዘራበታል። ግብጦ በደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፤ መሬቱንም መልሶ ያበረታል።

«ታዲያ የስንፍና ኃጢአት የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሓ የኖረው ኤቫግሪዎስ መነኮሳትን የሚፈታተነውን መታከት፣ ከመዝሙረ ዳዊት በተወሰደ ስም፣ የቀትር ጋኔን ይለዋል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም (1225–1274 እ.ኤ.አ.) ይህ ታካችነት በመንፈሳዊው በጎ ነገር ላይ ማዘን መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ኃጢአቱ የጉልበት ማነስ አይደለም፤ ልብ ከበጎው ነገር ፊቱን ማዞሩ ነው። ያ ገበሬ ግን ሕፃናቱን አልጠላቸውም፤ ስለ እነርሱ ሲያነሣ ዐይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

እግዚአብሔር ራሱ የደከመ አገልጋዩን እንዴት እንደ ተመለከተው እናስተውል። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ እንደ ገናም እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ መገበው። የ40 ቀኑ ጉዞ ወደ ኮሬብ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ድካምን መግለጥም ውርደት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኃይላቸው በእርጅና ምክንያት ለአገልግሎቱ እንደማይበቃ በግልጽ ተናግረው፣ በዚያው ወር መንበራቸውን ለቀቁ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 1997 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት ድረስ በሕመም እየደከሙ በመንበራቸው ጸኑ። አንደኛው መልቀቅን፣ ሌላው መጽናትን መረጡ፤ ሁለቱም ግን ድካማቸውን ከሕዝባቸው አልሸሸጉም።

ወደ ገበሬው ልመለስ። ባለቤቱ ከአልጋ ከዋለች ወራት ማለፋቸውን፣ እርሱም የቤቱንና የእርሻውን ሥራ ብቻውን ተሸክሞ መክረሙን የተረዳሁት ከገሠጽሁት በኋላ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት። ጎረቤቶቹ በደቦ አጨዱለት፤ ትምህርቱንም ሌላ ሰው ተካፈለው። በዓመቱ ተመለሰ፤ በየሳምንቱ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ። ያም በቂ ነበር።

በአገራችን መንገደኛ በሥራ ላይ ባለ ሰው አጠገብ ሲያልፍ «እግዚአብሔር ያበርታህ» ብሎ ይመርቃል እንጂ ሥራውን አይቆጣጠርም። እኛም ከመካከላችን መቅረት የጀመረ ወንድም ወይም እኅት ብናይ፣ «ምነው ሰነፍህ?» ከማለታችን አስቀድሞ ወደ ቤቱ ሄደን «ምን ነጠፈብህ?» ብለን እንጠይቅ። ከጠየቅንም በኋላ ባዶ እጃችንን አንመለስ፤ ከሸክሙ ጥቂቱን ይዘን እንውጣ።