አልጋ የለም

ከወረታ ተነስቶ በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ በደብረ ታቦር ዳርቻ፣ አምስት ክፍል አልጋ የምታከራይ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ይቆየን። ክፍሎቹ የተሠሩት አንዲት ልጇ ከዓረብ አገር በላከችው ገንዘብ ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ቱሪስት ሲመሽበት እሷ ዘንድ ያድራል፤ ጧት ጋፋትን አይቶ መንገዱን ይቀጥላል። የአምስቱ ክፍል ቁልፎች ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላሉ። ምስማሩ ባዶ ሲሆን ቤቱ ሞልቷል።

ጋፋት አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ባሕር ተሻግረው የመጡ ሚስዮናውያን እጅና የአገሬው ጉልበት ተጋግዘው ነው ያን መድፍ የወለዱት። የሴትዮዋን እንጀራ ያበሰለው እንግዲህ የዚያ ዘመን እንግዳና ባለአገር የሠሩት ሥራ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰውየው ጃፓናዊ ነበር። በሳምንቱ፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ ትልቅ ቦርሳ ያዘለ አንድ የሩቅ ምሥራቅ ወጣት ከመኪና ወረደ። ቱሪስት ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ለመለመን የሚሮጡት ልጆች ያን ቀን በሩቁ ቆመው «ኮሮና! ኮሮና!» አሉት። ለእነሱ እንዲህ ያለ ፊት ያለው ሁሉ «ቻይና» ነው። የቆሙበትን መንገድ ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት ቻይናዎች እንደሆኑ የነገራቸው የለም።

ወጣቱ በሩን አንኳኳ። ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏንና አፍንጫዋን ሸፍና ብቅ አለች።

«አልጋ የለም።»

ልጁ አማርኛ አይችልም። ዓይኑ ግን በትከሻዋ ላይ አልፎ ምስማሩን አየ። አምስቱም ቁልፎች ተሰቅለዋል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳና ሄደ።

በሽታው ሐሰት አልነበረም፤ ሰው ገድሏል፤ መጠንቀቅም ግዴታ ነበር። ለብቻው ያለች ክፍል ሰጥታው፣ እራቱን ደጃፍ አስቀምጣ፣ ዞር ብትል ጥንቃቄ ይባል ነበር። እሷ ግን ዋሸችው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ የለም። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንግዶቿን ጋፋት ይወስድ የነበረው አስጎብኚ ወደ አባቱ ድንች ማሳ ተመለሰ። ሴትዮዋ በየሳምንቱ አንሶላ ታጥባለች፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ አጥባ መልሳ ታነጥፋለች። አምስቱ ቁልፎች አቧራ ጠጡ።

ግንቦት ላይ ልጇ መጣች። ከዓረብ አገር ተጠርዛ፣ አዲስ አበባ ለይቶ ማቆያ 14 ቀን ቆይታ፣ ተመርምራ ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ይዛ፣ ግማሽ ሰው ብቻ በጫነ አውቶብስ። ልጆቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመው አዩዋት። «ኮሮና! ኮሮና!»

በማግስቱ ቡና የሚጠራራው ጎረቤት ዝም አለ። ሴትዮዋ ጤፏን ተሸክማ ወፍጮ ቤት ሄደች። ባለ ወፍጮው በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ከበሩ ቆመ።

«ወፍጮው ተበላሽቷል፣ እትዬ።»

ከኋላው ወፍጮው ያጓራል። ዱቄቱ እንደ ጉም በበሩ ይወጣል። ሴትዮዋ ዱቄቱን አየች፤ ባለ ወፍጮውን አየች፤ ጤፏን መልሳ ተሸከመች። መንገድ ላይ ግን እግሯ ወደ ቤት አልወሰዳትም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዳት። እዚያ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ በመጋቢት፣ ያ ቻይና የት አደረ?»

«እዚህ አደረ። ገለባ አነጠፍኩለት፤ ቆሎ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩለት። እሱ እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ ሆነን እየተያየን አመሸን።»

«አልፈሩም?»

«እንዴት አልፈራም፣ ልጄ! ፈርቼ ነው ራቅ ያልኩት። እኔ አልጋ የለኝም፤ ደጅ ግን አለኝ።»

እዚህ ላይ የደብረ ታቦርን ሰው አንድ ነገር ላስታውሰው። በ1858 ዓ.ም. ሰኔ፣ የአጼ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር ቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሄንሪ ብላንክ የሐይቁን ዳር ለቀው ወደ ደጋው እንዲወጡ መከረ፤ ሠራዊቱም የታመመውን ተሸክሞ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። ያን ሁሉ በሽተኛ የተቀበለው ይኸው ደጋ ነው።

ሴትዮዋ ቤቷ ስትደርስ ልጇን ጓዳ ጥግ ላይ ተኮራምታ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ጎረቤት በእኔ የተነሳ አይራቅሽ። ሌላ 14 ቀን ለብቻዬ ልቀመጥ።»

እናቲቱ ከምስማሩ የመጀመሪያውን ቁልፍ አነሳች። ያ ክፍል ለፈረንጅ ብቻ የሚከፈት፣ መስኮቱ ወደ ጉና ተራራ የሚያይ ክፍል ነው። ልጇን እዚያ አስገባቻት። ሽሮውን በሰሃን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ሁለት እርምጃ ርቃ ቁጭ ትላለች፤ ልጅቷ በሩን ከፍታ ትበላለች። ጎረቤቱ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። በዘጠነኛው ቀን የባለ ወፍጮው ሚስት በሰፌድ እንጀራ ይዛ መጣችና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። ምንም አልተናገረችም።

ቱሪስቱ ቶሎ አልተመለሰም። ኮሮናው ሳይለቅ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም.፣ በቡሄ ሰሞን፣ ጋይንት የጦር ሜዳ ሆና ሰው በዚያው መንገድ ሕፃን አዝሎ ወደ ደብረ ታቦር ጎረፈ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ያን ሌሊት ምስማሩ ላይ አንድም ቁልፍ አልነበረም፤ ኪራይ የተጠየቀም ሰው አልነበረም።