ተረት መናገር መዋሸት ነውን?

በቅርቡ ከጓደኞቻችን አንዱ «እንስሳት ተናገሩ ብሎ ለልጅ ማውራት ውሸት ነው፤ ውሸትም ኃጢአት ነው» ብሎ ተከራከረን። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔም ሳሰላስለው ሰንብቼ የደረስሁበትን እነሆ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የአገራችንን የጎጃምን ሰው ምስክር ልጥራ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፥ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን አባት ተወለዱ። ከእኛ ከቁይ እምብዛም በማይርቁት በዲማና በደብረ ወርቅም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀስመዋል። ጣሊያን በወረረን ጊዜ ዘምተው፥ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው፥ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ለዓመታት ታሥረዋል። ከነፃነት በኋላ በአምባሳደርነትና በትምህርት ሚኒስትርነት አገልግለው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ነገር ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብለው፥ በ1948 ዓ.ም.፥ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ የተረት መጽሐፍ አሳትመው ነበር። እንግዲህ ጦርነትንና እስራትን ያየ፥ በመንግሥታት ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ለተረት ጊዜውን የሰጠው ተራ ጨዋታ መስሎት ይሆን? አይመስለኝም።

የመጽሐፉ ስም ራሱ ለጥያቄያችን መልስ አለው። ማታ እሳት ዳር አውሪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ይቀበሉታል። ይህ ውል ነው። ተናጋሪው የሚናገረው ተረት መሆኑን አስቀድሞ አስታውቋል፤ ሰሚውም ዐውቆ ተቀብሏል። ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሐሰት ግን እውነት መስሎ በጓሮ ይገባል እንጂ ደጅ አያንኳኳም። «አሁን ልዋሽህ ነው» ብሎ የሚጀምር ውሸታም ማን አይቷል? በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደ ሄዱ ለሴኬም ሰዎች ተናገረ። ዛፍ አይሄድምና ዋሸ የሚለው የለም።

«ሕፃን ውሉን በምን ያውቃል?» የሚል ቢኖር፥ እዚህ ላይ ጓደኛችን እውነት አለው። ልጁ «እውን ጅቡ ተናገረ?» ብሎ ከልቡ የጠየቀ እንደ ሆነ «አይደለም፥ ተረት ነው» ማለት ይገባናል። ውሉን የሚያፈርሰው ተረቱ ሳይሆን የእኛ መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ተረቱን ስንከስ የራሳችንን ውሸት ዘነጋነው። ሕፃን ሲያለቅስ «ዝም በል፥ ጅቡ መጣልህ» የማይል ከመካከላችን ማን ነው? የራሴን ልናገር። አንድ የገበያ ቀን ታናሽ ወንድሜ ካልተከተልሁህ ብሎ ሲያለቅስ «ሸንኮራ አመጣልሃለሁ» ብዬ አታልዬው ሄድሁ። ገንዘቡም ሐሳቡም አልነበረኝም። ማታ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። እጄን አየ፤ ምንም ሳይል ገባ። ለሚቀጥለው ገበያ ግን ሳንቲም ይዤ «ዛሬስ አመጣልሃለሁ» ብለው «አታመጣም» አለኝ። ገዝቼ መጣሁ፤ ደጃፍ ላይ ግን አልነበረም።

ይኸው ልጅ ቀበሮዋን፥ ጦጣዋን፥ አንበሳውን ስንት ማታ ነግሬዋለሁ! አንድም ቀን «ዋሸኸኝ» አላለኝም። ዛሬም «ተረት ተረት» ስል «የመሠረት» ብሎ ይጠጋኛል። ነገ የማደርገውን ስነግረው ግን መጀመሪያ ፊቴን ያያል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለታናናሾቻችን ተረት ከመንገር አንፈር፤ በስሙ ጠርተን እንንገራቸው። የምንፈራው ተረት ያልተባለውን ነው።