የታሸገው ካሴት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅታችን በውስጥ መስመር ጻፈችልን። የአሠሪዋ ልጅ ካርትሪጅ የሚባሉትን የድሮ የቪዲዮ ጌም ካሴቶች ይሰበስባል። አብዛኞቹ አስፈሪ ናቸው፤ ሽፋናቸው ላይ ደምና የሙት ፊት አለ። «አቧራቸውን ስጠርግ እፈራለሁ፤ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» አለች።

አይሆንብሽም። ፕላስቲክ ነው። አማትበሽ ሥራሽን ሥሪ። ብቻ እርጥብ ጨርቅ አታስነኪው፤ ካርቶኑ ከተበላሸ ዋጋው ይወድቃልና ዕዳው አንቺ ላይ እንዳይመጣ።

ይህን ስንመልስላት ስለ ዋጋቸው ጠያየቅን፤ ያገኘነው ነገር ከእርስዋ ይልቅ እኛን አስደነገጠን።

ከነዚህ ጌሞች አንዱ «ስዊት ሆም» ይባላል፤ «ጣፋጭ ቤት» ማለት ነው። (ከቤቱ ለራቀ ሰው ስሙ ራሱ ያማል።) ካፕኮም የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. አወጣው። አምስት ሰዎች መንፈስ ወዳለበት ቤት ይገባሉ፤ የሞተ አይመለስም። በ1996 የወጣው ዝነኛው «ሬዚደንት ኢቭል» መነሻው እርሱ ነው።

ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ካሴት ብቻውን ሲሆን በዝቅተኛ ዋጋ ይገዙታል። ካርቶኑና መመሪያው ካሉ ይጨምራሉ። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ታሽጎ ከቆየ ግን ዋጋው አይቀመስም። በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንድ የታሸገ «ሱፐር ማሪዮ 64» (እርሱ እንኳ አስፈሪ አይደለም) በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ማንም ያልተጫወተበት ጨዋታ!

አሁን ልብ በሉ። በ«ስዊት ሆም» ካሴት ውስጥ የቁልፍ የምታህል ባትሪ አለች። ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የምታስታውሰው እርስዋ ናት። ካሴቱ ታሽጎ ቢቀመጥም ባትሪዋ በዝምታ ታልቃለች። ለመቀየር እሽጉን መቅደድ ያስፈልጋል፤ እሽጉ ከተቀደደ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቱ እያወቀ ይተዋታል። ውጪው እየተወደደ ውስጡ ይሞታል።

እኛስ? «ንስሐ አገሬ ስገባ» ብለን የታሸግን ስንት ነን? ለሁለት ዓመት ኮንትራት መጥተን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ነጠላችን ንጹሕ ነው፣ መዝሙሩን እናውቃለን፣ በማኅበሩ የምንከበርበት ስም አለን። ብንከፈት ያ ስም ይወርዳል ብለን ፈራን። በስልክ የጀመርነውን የማይሆን ግንኙነት፣ ከእናታችን የደበቅነውን ልጅ፣ የበላነውን የዕቁብ ገንዘብ ይዘን ዝም አልን።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ያለው አገልጋይ የጌታውን ምናን አልሰረቀም፣ አልጣለም። በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ተሰጠው መለሰው። የተወቀሰውም በዚሁ ነው። እኛ ይህን ክፍል ስናነብ ሁልጊዜ ስለ ሰነፍ ሰው ይመስለን ነበር፤ ስለሚፈራ ሰው ነው። ራሱ «ፈርቼ ነው» ብሏልና።

ካህን የንስሐ ልጁን ሲሰማ ዋጋ አይቀንስበትም። የሰማውንም ለማኅበሩ አያወራም፤ ሥርዓቱ ይከለክለዋል።

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አባቶች ለንስሐ ይቀመጣሉ። የዕረፍት ቀን የማይሰጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ከንስሐ አባት ጋር እናገናኛችኋለን። ስማችሁን መጻፍ ባትፈልጉ የክርስትና ስማችሁ ብቻ ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።