ሳይታወቅ የነበረው ጠባይ

ስሌት ይፈጥራል ወይስ ያገኛል? መግነጢሳዊ ኦክሳይዶችን በኮምፒውተር ስቀምር ይህ ጥያቄ አይለቀኝም።

ክሮሚየም ዳይኦክሳይድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በካሴት ክር ላይ ተቀብቶ ስንቱን ዘፈን ተሸክሟል! እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪው ካርልሃይንስ ሽቫርትስ የኤሌክትሮኖቹን ኃይል ሲያሰላ እንግዳ ጠባይ ወጣ፦ ስፒናቸው (መግነጢሳዊ ጠባያቸው) ወደ አንድ አቅጣጫ የሆነ ኤሌክትሮኖች እንደ ብረት በነፃ ይፈሳሉ፤ ለተቃራኒዎቹ ግን ያው ቁስ ዝግ ነው። በ1998 የታተመ ልኬት የስፒን ፖላራይዜሽኑን፣ ማለትም ስፒኖቹ ወደ አንድ ወገን የሚያደሉበትን መጠን፣ 90 በመቶ ገደማ አገኘው።

ማንም ሳያውቀው ጠባዩ በየካሴቱ ውስጥ ነበረ። ስለዚህ ቀማሪውን ፈጣሪ ለማለት አልደፍርም።

ገና ያልተሠራ ኦክሳይድ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። አቶሞቹ ሳይገናኙ ጠባያቸው የት አለ? እኔ አማኝ ነኝ፤ ፈጣሪ ባኖረው ሕግ ውስጥ አለ እላለሁ። ይህን ቀመሬ አያረጋግጥልኝም፤ እምነቴ ነው። ሕጉ ግን አቶሞቹ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ይወስናል እንጂ እንዲገናኙ አያደርግም። በስሌት የተዋበ ስንት ቁስ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ይበታተናል።

እናንተ የምትቀምሩ ወጣቶች፣ ውጤታችሁን በኮምፒውተር ውስጥ አታስቀሩት። ምድጃ ላለው ባልደረባ አድርሱት፤ ሠርቶ ይለካው።