ሕመምተኛ ሌላ መድኃኒት ቢፈልግ ይወቀሳልን?

ሰው ጤናማ ሳለ ስለ መድኃኒት ሲናገር ዳኛ ነው፤ በታመመ ጊዜ ግን ባለጉዳይ ይሆናል። ዳኛው ተዝናንቶ ተቀምጦ «ይህ ይረባል፤ ያ አይረባም» እያለ ይፈርዳል፤ ባለጉዳዩ ግን ሌሊቱን ሲቈጥር ያድራልና የሰማውን ሁሉ ይይዛል። እንግዲህ ሐኪም የሚያውቀውን ከሰጠው በኋላ ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ያልተመረመረ መድኃኒት ፍለጋ ቢወጣ ይወቀሳልን? ወቀሳስ ካለ በማን ላይ ይወድቃል?

ለዚህ ጥያቄ የላይም በሽታ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኮኔቲከት ክፍል ላይም በምትባል ትንሽ ከተማና በአካባቢዋ የብዙ ልጆች ጉልበት እያበጠ መራመድ ተሳናቸው። ፖሊ ሙሬይ የምትባል እናት እርስዋም ልጆችዋም ለብዙ ዓመታት ሲታመሙ ኖረው ነበር፤ ከሐኪሞችም «ሕመምሽ ከሐሳብ የመጣ ነው» ያሏት ነበሩ። እርስዋ ግን የታመሙትን ሰዎች እየመዘገበች ነገሩን ለጤና ባለሥልጣኖች አስታወቀች። ከዚህ በኋላ ዶክተር አለን ስቲርና ጓደኞቹ መርምረው 39 ልጆችና 12 ጐልማሶች በአንድ ዓይነት ቁርጥማት መያዛቸውን በ1977 ዓ.ም. ጻፉ። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ የበሽታው ምክንያት በመዠገር ንክሻ የሚገባ ጠመዝማዛ ረቂቅ ተሐዋሲ መሆኑ ታወቀ፤ ባገኘው በዊሊ ቡርግዶርፈርም ስም ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። በአገራችን በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጣውም ተሐዋሲ የዚሁ የቦሬሊያ ወገን ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ቁርጥማት የያዘው ሰው ዶክሲሳይክሊን ወይም አሞክሲሲሊን 28 ቀን ይወስዳል፤ እብጠቱ ባይለቅ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥሩ ይሰጠዋል። አብዛኞቹም ይድናሉ። ዳሩ ግን ተሐዋሲው ከጠፋ በኋላ የጥቂቶቹ ጉልበት ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት እያበጠ ይቀጥላል። በ2019 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በእንዲህ ያሉ ሕሙማን የመገጣጠሚያ ውኃ ውስጥ የሞተውን ተሐዋሲ የግድግዳውን ስባሪ አግኝተዋል። ነገሩም ሽፍታው ከሞተ በኋላ ዘበኛው መተኰሱን እንዳልተወ ያለ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ኃይል ወጊ በሌለበት ይዋጋል፤ የሚቈስለውም የገዛ ቤቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች በዚህ ጊዜ ተሐዋሲውን መግደል ትተው ብግነቱን ወደ ማብረድ ይመለሳሉ። በላይም ምክንያት ሕመምና ድካም የቀጠለባቸውን ሰዎች በረዥም ጊዜ የፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ለመርዳት በ2001 ዓ.ም. የታተመው የአሜሪካ ፈተናና በ2016 ዓ.ም. የታተመው የሆላንድ ፈተና ረዥሙ መድኃኒት ከባዶው ኪኒን እንዳልበለጠ አሳይተዋል።

እንግዲህ ሕመምተኛው ከሐኪሙ ደጅ «ሌላ የምሰጥህ የለኝም» ተብሎ ሲወጣ ሌሎች ደጆች ይከፈቱለታል። አንዱ እርድና ዝንጅብል፣ ሁለተኛው የቅጠል ጭማቂ፣ ሦስተኛው የንብ መርዝ፣ አራተኛው የብር ብናኝ የተቀላቀለበት ውኃ ያቀርብለታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ጉልበትን ማሞቅና በዝግታ ማንቀሳቀስ ዐቅምን ይጠብቃል። እርድም በወጥ ውስጥ ማንንም አልጐዳም፤ ተጠናክሮ በኪኒን ሲዋጥ ግን የአንዳንድ ሰዎችን ጉበት ጐድቷል። የብር ውኃ ቆዳን ለዘለቄታው ያጠቍራል። የንብ መርዝ የማይስማማውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች ከላይም ለመዳን ብለው ሆን ብለው ወባ በደማቸው ያስገቡ ሰዎች መኖራቸውን አስታወቁ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለላይም ሕሙማን በመርፌ ይሰጥ ስለነበረው የቢስሙት መድኃኒት ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በዚሁ መርፌ የሞተ ሰው ነበርና። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ወባን መድኃኒት ብሎ እስከ መቀበል የሚያደርስ ችግር ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል።

«ነገር ግን ወስደው የዳኑ አሉ» ቢባልስ? አዎን፣ አሉ። ዳሩ ግን የላይም ቁርጥማት በጠባዩ የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ሳይታከም የቀረው እንኳ በዓመታት ውስጥ በብዙዎች ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰውም መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በጸናበት ሳምንት ነው፤ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲያርፍ ምስጋናው በዚያ ሳምንት ለተጠጣው ቅጠል ይሆናል። በሆላንዱ ፈተና ባዶውን ኪኒን የወሰዱትም ጭምር ኑሯቸው ተሻሽሎ ነበር። ስለዚህ ምስክሩ አይዋሽም፤ መዳኑ እውነት ነው፤ ያዳነውን ግን አላየም።

ሌላም ክርክር አለ፤ «የሐኪሙስ መድኃኒት ከቅጠል የወጣ አይደለምን?» የሚል። ይህ እውነት ነው። ዛሬ ወባን የሚፈውሰው አርቴሚሲኒን ቻይናውያን ከጥንት ከሚያውቁት ቅጠል ወጥቷል፤ ያወጣችውም ቱ ዩዩ በ2015 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብላለች። ነገር ግን ቅጠሉ በእምነት የተያዘበት ዘመን ሌላ፣ በፈተና ያለፈበት ዘመን ሌላ ነው። በ2020 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በምዕራብ አፍሪካ የሚበቅለው ክሪፕቶሌፒስ የተባለ ተክል በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የላይምን ተሐዋሲ እንደሚገድል አሳይቷል። በብርጭቆ ውስጥ መግደልና በሰው ጉልበት ውስጥ መፈወስ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጉልበቱን የሚያሳብጠው የሞተው ተሐዋሲ ትራፊ ከሆነማ መግደሉ ብቻ ምን ይጠቅማል? ይህን በመናገራችን ተክሉን ማቃለላችን አይደለም፤ ፈተናው ገና አልተፈጸመም ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንመለስ። ሕመምተኛው በመፈለጉ አይወቀስም፤ መዳንን መመኘት የሕይወት ሥራ ነውና። የሚጠየቀው በሦስት ነገር ነው፤ የተፈተነውን ሕክምና ሳይፈጽም እንዳይተው፣ የሚወስደውን ከሐኪሙ እንዳይሰውር፣ የልጆቹንም እንጀራ ለተስፋ ዋጋ እንዳይከፍል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም እንዲሁ ነው።

ሐኪሙ «የምሰጥህ የለኝም» ማለቱ እውነት ስለ ሆነ አያስወቅሰውም። ነገር ግን «ሕመም የለህም» ካለ በድሏል፤ አለማወቁን በሕመምተኛው ላይ ጥፋት አድርጎ ጭኖበታልና። የኢዮብ ወዳጆች የተወቀሱት ማዳን ስላልቻሉ አይደለም፤ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆነው ስለ ፈረዱበት ነው። ሕመምተኛውን ወደ ሻጭ ደጅ የሚገፋውም ብዙ ጊዜ ይህ ቃል ነው። መድኃኒት ያለቀበት ሐኪም ጊዜውንና ጆሮውን ሊሰጥ ይችላል፤ እነዚህም ጕዳት የሌለባቸው ስጦታዎች ናቸው።

ከባዱ ወቀሳ የሚወድቀው ተስፋን በሚሸጠው ላይ ነው። እርሱን የምንለይበት አንድ ጥያቄ አለ፤ «መድኃኒትህ እንዳልሠራ የምታምነው ምን ባይ ነው?» የሚል። ሐቀኛ ሰው «በዚህን ያህል ወር ባይሻልህ ተወው» ይላል። አታላይ ግን «ቢሻልህ መድኃኒቱ ሠራ፤ ቢብስብህም ተሐዋሲው እየሞተ ነውና መድኃኒቱ ሠራ» ይላል። ለዚህ ለሁለተኛው ቃሉ ከእውነት የተሰረቀ መነሻ አለው፤ የሚያገረሽ ትኩሳት ታሞ መድኃኒት የወሰደ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደሚንቀጠቀጥና ትኩሳቱ እንደሚወጣ በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያ ብርቱ መንቀጥቀጥ የሰዓታት ነገር ነው፤ ሻጩ ወራትና ዓመታት አድርጎ ዘረጋው። ፈጽሞ ሊሸነፍ የማይችል መድኃኒት ሸሽቶ ማምለጥ እንጂ መፈወስ አያውቅም።

እንግዲህ «ተስፋ ስለሚሰጥ ምን አለበት?» የሚል ርኅሩኅ ሰው ቢኖር፣ ተስፋና ማታለል በአንድ ቤት እንደማያድሩ ያስብ። እውነተኛ ተስፋ ለመኖሩ ሐሰት አይሻም፤ የዚህ ቁርጥማት ጠባይ ራሱ በጊዜ ብዛት መብረድ ስለ ሆነ ለሕመምተኛው ሳይዋሹ «ይህ ያልፋል፤ እስኪያልፍም አብረንህ ነን» ማለት ይቻላል። የወዳጅ ሁሉ ሥራ ይህ ነው፤ ያልተመረመረ ጠርሙስ ይዞ ከመሄድ ይልቅ እጁን ይዞ እስከ ደጅ ማራመድ።